ከባዱ ቀረ

በስተሰሜን በበሽሎ፣ በስተምዕራብና በስተደቡብ በዓባይ ሸለቆ የሚካለለው የወሎ ደጋ ለማያውቀው ሰው አንድ ወጥ ሜዳ ይመስለዋል። ሲጓዙበት ግን ሜዳው በድንገት ያልቅና ገደል ይሆናል፤ ከገደሉ ማዶ ሌላ ሜዳ፣ ከዚያም ማዶ ሌላ ገደል ይከተላል። ገብስና ስንዴ የሚያበቅል፣ በግ የሚያረባ፣ ማለዳ ውርጭ የሚነክሰው ሀገር ነው። በእኔ ልጅነት የመካነ ሰላም ሰው ርቀትን የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በዳገትና በቁልቁለት ቁጥር ነበረ።

እኔ የዚህ ደጋ ልጅ ነኝ፤ ሥራዬም መምህርነት ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ታሪክ አስተምሬያለሁ። በየዓመቱ ሚያዝያ ሲደርስ ጠመኔዬን ይዤ በጥቁሩ ሰሌዳ ላይ ሦስት ኮረብታዎች እሥላለሁ፤ ፋላ፣ ሥላሴ፣ መቅደላ ብዬ ስማቸውን እጽፋለሁ፤ ከበታቻቸውም የአሮጌን ሜዳ አሰምራለሁ። ሥዕሉን ዓይኔን ጨፍኜም ብሆን አላጣውም። ይሁን እንጂ ያን አምባ በዓይኔ ሳላየው ጠጉሬ ሸበተ። ለዚህ መዘግየቴ ለባልደረቦቼ የምሰጠው ምክንያት የመንገድ ችግር ነበረ። እውነተኛው ምክንያት ግን አያቴ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ለትምህርት ቤታችን የዓመቱ መዝጊያ በዓል ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ፍጻሜ አጭር ተውኔት አዘጋጅተን ነበር። ንጉሡን ሆኜ የተጫወትሁት እኔ ነኝ። ሹሩባዬ ከቃጫ የተጎነጎነ፣ ሽጉጤ ከወይራ የተጠረበ፣ ዘውዴም ከካርቶን ተቆርጦ የሲጋራ ወረቀት የተለጠፈበት ነበረ። አያቴ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ከፊተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሽጉጡን ወደ አፌ ሳስጠጋ ከመድረኩ በስተጀርባ የቆመው ልጅ ጣውላ በጣውላ መታ፤ እኔም ወደቅሁ፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። ተነሥቼ እጅ ስነሣ የአያቴ ቦታ ባዶ ነበረ።

ማታ ቤት ስገባ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ እሳት ትቆሰቁሳለች።

«እምዬ፣ ለምን ወጣሽ? አላማረሽም?» አልኋት።

«አምሯል ልጄ፤ ደግ አድርገህ ተጫውተሃል። ነገር ግን የእኛ ሰው ከዚያ አምባ አልተመለሰም። አንተን ዘውዱን ደፍተህ ባይህ ጊዜ ሆዴ ባባ» አለችኝ።

ከዚህ ሌላ አልተናገረችም። እኔም ልጅ ነበርሁና፣ ጭብጨባውም ገና በጆሮዬ ውስጥ ያስተጋባ ነበርና፣ «የእኛ ሰው» ማን እንደ ሆነ አልጠየቅኋትም። በማግሥቱም አልጠየቅኋትም፤ በሌላም ቀን አልጠየቅኋትም። ከሁለት ክረምት በኋላ አረፈች።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ስለ መቅደላ ሳስተምር ያ ቃል እንደ እሾኽ ይወጋኝ ነበር። በጥር 2015 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል እንዳለፈ፣ አብሮኝ የሚያስተምር አንድ የሥዕል መምህር ወዳጄ «ሰሌዳ ላይ የምትሥለውን ተራራ እንሂድና እንየው» ሲለኝ፣ ምክንያት አጣሁና ተነሣሁ። ወዳጄ የደብረ ታቦር ልጅ ነው። ያደገው ከጋፋት አጠገብ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ መድፎች ከተሠሩበት መንደር ቅርብ ነው። ለእርሱ የንጉሡ ስም የአባት ስም ያህል ነው። አንደኛችን መድፉ ከተሠራበት፣ ሁለተኛችን እስረኛ ከተጋዘበት ሀገር መምጣታችንን ያን ጊዜ ሁለታችንም ልብ አላልነውም ነበር።

ከመካነ ሰላም በአቀስታ አድርገን ደሴ ገባን። ከደሴ በኩታበር በኩል ወደ ተንታ የሚሄድ መኪና ተሳፈርን። ተንታ ንጉሥ ሚካኤል ግቢ የነበራቸው፣ በስማቸው የምትታወቅ የደጋ ከተማ ናት። የደሴን አይጠየፍና የአባቱን የተንታን ግቢ ያየው ልጅ ኢያሱ፣ ከሰገሌ ጦርነት በኋላ በ1909 ዓ.ም. ሲሳደድ መጠጊያ ያደረገው ይህንኑ መቅደላን ነው። አምባው አንዱን ንጉሥ በሞት ከተቀበለ ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ሌላውን ሥልጣኑን ያጣ መስፍን አስጠግቷል ማለት ነው። በተንታ አንዲት አልቤርጎ ውስጥ ሽሯችንን በልተን፣ ጋቢያችንን ተከናንበን አደርን።

ሌሊት አሥር ሰዓት ሲሆን ጉዞ ጀመርን። ጨረቃዋ ገና አልጠለቀችም። ዶሮ ሲጮኽ፣ ውሻ ሲያላዝን፣ ከሩቅም የሱብሒ አዛን ሲሰማ ብርዱ ጆሯችንን እየቆረጠን ተራመድን። ጎሕ ሲቀድ ከፊታችን ጥቁር ግድግዳ ቆመ። ግድግዳው ቀስ በቀስ ቀላ፤ ከዚያም ግራጫ ሆነ፤ ፀሐይ ስትወጣም በላዩ ጠፍጣፋ፣ በጎኑ እንደ ተከረከመ ድንጋይ የቆመ አምባ ሆኖ ተገለጠልን። ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ቁጥሩን ለተማሪ ማጻፍ ቀላል ነው፤ በእግር የወጣው ሰው ግን ቁጥሩን በጉልበቱ ያውቀዋል።

ከአምባው ሥር ካለው መንደር አንድ አዛውንት ሊመሩን ተስማሙ። ምርኩዛቸውን ይዘው ከፊታችን ሲሄዱ እኛ ወጣቶቹ ሆነን ሳለ ትንፋሻችን እየተቆራረጠ ተከተልናቸው። «አባባ፣ ትንሽ እንረፍ» ስንላቸው ይቆሙና፣ «አይዟችሁ፤ መይሳው ያን ሁሉ ብረት ያወጣበት ዳገት ነው፤ እናንተ ባዶ እጃችሁን ናችሁ» ይሉናል።

ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላን ከወሎ መሳፍንት እጅ የያዙት በነገሡ በዓመቱ፣ በ1848 ዓ.ም. ነው። አምባው ገደሉ አጥር፣ አፋፉ ግንብ ሆኖለት በሁለት በሮች ብቻ የሚገባበት ስለ ነበረ፣ ሀብታቸውንም እስረኞቻቸውንም የሚያስቀምጡት በዚያ ነበረ። የሸዋው ልጅ ምኒልክ ያደጉትና በ1857 ዓ.ም. ያመለጡት ከዚህ ነው። ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የተጣሉት ጳጳስ አቡነ ሰላማም በግዞት ኖረው በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ያረፉት እዚህ ነው። ለእንግሊዝዋ ንግሥት ለቪክቶሪያ የተላከው ደብዳቤ መልስ በማጣቱ የታሰሩት ቆንስል ካሜሮንና ጓደኞቹ የተቀመጡትም እዚህ ነው። በእነዚህ ጥቂት አውሮፓውያን ምክንያት ጄኔራል ናፒየር ወደ 13,000 ወታደርና 44 ዝሆኖች ይዞ በዙላ ወደብ ወረደ። የእርሱ ስምና የዝሆኖቹ ቁጥር በመጽሐፍ ተጽፏል። ከእነዚያ አውሮፓውያን አጠገብ በሰንሰለት ታስረው የነበሩት የሀገር ልጆች ስም ግን ለተማሪዎቼ የምነግረው ያህል እንኳ አላውቅም ነበር።

አምባው ላይ ስንወጣ ነፋስ ተቀበለን። ሰፊ ሜዳ ነው። የቤተ መንግሥት ፍርስራሽ፣ የተከመረ ድንጋይ፣ የከብት መንገድ፣ የታረሰ ማሳ ይታያል። ንጉሠ ነገሥቱ ከሞቱ ከአራት ቀን በኋላ እንግሊዞች አቃጥለውት ስለ ሄዱ፣ ከዚያ የተረፈው ጥቂት ነው። አዛውንቱ ወደ ሰሜን አሳዩን፤ ከእግራችን በታች የአሮጌ ሜዳ፣ ከማዶው የበሽሎ ገደል፣ ከገደሉም ባሻገር በጉም ውስጥ የደላንታ ሜዳ ተዘርግቷል። በሰሌዳዬ ላይ አንድ ክንድ የማይሞላው ሥዕል ይህ ነበረን ብዬ ዝም አልሁ።

በዚህ ሜዳ ላይ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዓርብ፣ የፊታውራሪ ገብርዬ ጦር ቁልቁል ወርዶ ገጠመ። በአንድ ከሰዓት በኋላ 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ወደቁ፤ ገብርዬም ከወደቁት አንዱ ነበሩ። ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት ሁለት ናቸው። ሦስት ቀን ቆይቶ፣ በፋሲካ ማግሥት ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን፣ ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ላለመስጠት በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። ይህን ሁሉ ልጅ እያለሁ በእንጨት ሽጉጥ ተጫውቼዋለሁ። በቦታው ቆሜ ሳየው ግን የእንጨት ሽጉጡ ከበደኝ።

ከዚያ ወደ መድፉ ሄድን። ሴባስቶፖል አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ በምድር ውስጥ እንደ ተቀበረ ጋን ተቀምጧል። ወዳጄ ቀረብ ብሎ መዳፉን በብረቱ ላይ አሳረፈ፤ ለረጅም ጊዜም አላነሣውም። «ደኅና ነህ የአገሬ ልጅ?» ሲለው ሰማሁት፤ ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ድምፁ ቀልድ አልነበረበትም።

የሴባስቶፖል ክብደት ሰባት ቶን ያህል፣ በእኛ አነጋገር ሰባ ኩንታል ነው። ከደብረ ታቦር የተነሣው በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ነው፤ መቅደላ የደረሰው መጋቢት ውስጥ ነው። በስድስቱ ወር ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ሰው በጠፍር እየሳበ፣ መንገድ የሌለበትን ዓለት እየደረመሰ፣ በጂዳ ገደል አውርዶ በማዶው አወጣው፤ እንደገናም በበሽሎ ገደል አውርዶ እዚህ አደረሰው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ እየተሸከሙ ከሠራተኛው ጋር ይውሉ እንደ ነበረ ያዩት ጽፈዋል። የሚገርመው ግን በጦርነቱ ቀን መድፉ ያን ሁሉ ድካም የሚክስ ሥራ አለመሥራቱ ነው። ለመድፉ የተጠረገው መንገድ ደግሞ ከዋድላ ጀምሮ ለናፒየር ጦር መራመጃ ሆነ። ያ ጉልበት ለጌታውም ለባለ ጉልበቱም ሳይሆን ለጠላት ዋለ።

«እንግሊዞች ይህን ለምን አልወሰዱትም?» ብሎ ወዳጄ አዛውንቱን ጠየቃቸው።

«ከብዷቸው ነዋ!» አሉ ፈገግ ብለው። «ቀላሉን ወሰዱ። ከባዱ ቀረ።»

ቀላሉ ምን ምን እንደ ነበረ እናውቃለን። ዘውድ፣ ጽዋ፣ መስቀል፣ ታቦት፣ የካህናት ልብስና ከሁሉም በላይ መጽሐፍ ነው። የብሪቲሽ ሙዚየም መልእክተኛ ሪቻርድ ሆልምስ ከጦሩ ጋር አብሮ መጥቶ ነበር። የተዘረፈው ዕቃ በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ያን ማዶ የሚታየውን የደላንታን ሜዳ ደረሰ፤ በዚያም ሁለት ቀን ሙሉ በጨረታ ተሸጠ። ለሙዚየሙ የተገዙት የብራና መጻሕፍት ብቻ 350 ያህል ሲሆኑ፣ እነርሱም በለንደን ቤተ መጻሕፍት ተቀመጡ። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁም ተወሰደ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ሞቱ፤ እርሱም በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ እንግሊዝ ሀገር ሞቶ በዊንድዘር ተቀበረ።

ወዳጄ በንዴት የጠጠር ቁራጭ ወደ ገደሉ ወረወረ። «የሀገሬን መጻሕፍት!» አለ።

«የሀገርህን ማለትህ እውነት ነው» አልሁት። «ብዙዎቹ የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ነበሩ። ከዚያ ያመጣቸው ማን ሆነና?»

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር በንጉሠ ነገሥቱ ጦር በተዘረፈችና በተቃጠለች ጊዜ ከአድባራቱ የተሰበሰቡት መጻሕፍት መጥተው የተከማቹት በዚህ አምባ፣ ሊሠራ በታሰበው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ስም ነው። ወዳጄ ለጥቂት ጊዜ ከተከዘ በኋላ፣ «እንግዲያው ቢመለሱስ የት ነው የሚመለሱት?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም መልስ አልነበረኝም። ይህ ማለት ግን የእንግሊዝን ዝርፊያ ቅንጣት ታህል አያቀለውም። የሰው ቤት የዘረፈ ሌባ፣ የቤቱ ወንድማማቾች ቀድመው ተጣልተው ነበር ብሎ ነጻ አይወጣም። ነገር ግን ለልጆቻችን ግማሹን ብቻ ብንነግራቸው ያው ግማሽ ታሪክ ይሆናል።

በዚህ ጊዜ ድፍረት አገኘሁና ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው የኖርሁትን ጥያቄ ለአዛውንቱ አቀረብሁ። «አባባ፣ እስረኞቹ የት ነበሩ?»

አዛውንቱ ቀና ብለው አዩኝ። «ሀገርህ ወዴት ነው ልጄ?»

«ቦረና፣ መካነ ሰላም።»

«ይሁና፤ ና።»

ወደ አንድ አፋፍ ወሰዱኝና በምርኩዛቸው ቁልቁል አመለከቱኝ። ገደሉ ቀጥ ያለ ነው። ከታች የሚታየው ዛፍ ቁጥቋጦ፣ ቁጥቋጦው ሣር ይመስላል። «እዚህ የሚመጣው ሰው ሁሉ ስለ መይሳው ይጠይቀኛል» አሉ። «እንዴት እንደ ሞተ፣ የት እንደ ወደቀ፣ ሽጉጡ ምን ዓይነት እንደ ነበረ። ደግ ነው፤ ጀግና ነበርና። ስለ እነዚህኞቹ የሚጠይቀኝ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። እነርሱም ሰው ነበሩ።»

የታሪክ መምህር ነኝና ነገሩን ከመጽሐፍ አውቀዋለሁ። ምኒልክ አምልጠው ወደ ወሎዋ ባላባት ወደ ወይዘሮ ወርቂት ዘንድ በደረሱ ጊዜ፣ በመቅደላ ታስሮ የነበረው የወርቂት ልጅ ከሌሎች የወሎ መኳንንት ጋር ተገደለ። በጸሎተ ሐሙስ ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም. ደግሞ፣ የእንግሊዝ ጦር ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ንጉሠ ነገሥቱ በቁጣ ብዙ እስረኞች አስገድለው ከገደል አስጣሉ። በማግሥቱ ለሀገራቸው ክብር ጦር ያዘመቱትም እኒያው ሰው ናቸው። ሀገርን አንድ ለማድረግ የተመኘው ልብና ሰውን ከገደል የወረወረው እጅ የአንድ ሰው ነበሩ። ይህን አንዱን ትቶ አንዱን ለመያዝ የሚፈልግ ተውኔት ይጻፍ፣ ይታይ፣ ይጨብጨብለትም፤ ከፊተኛው ወንበር ተነሥታ የምትወጣ አንዲት ሴት ግን አትጠፋም።

«የአያቴ ሰው እዚህ ቀርቷል» አልኋቸው።

«ስሙ ማን ይባላል?»

ይህን ጥያቄ መመለስ የሚገባኝ እኔ ነበርሁ። ለአያቴ የወንድም ይሁን የአጎት፣ የአባት ይሁን የአያት፣ በየትኛው ዘመን ይሁን፣ ሰይፍ ይዞ ይሁን ማረሻ ይዞ የተያዘ፣ አንዱንም አላውቅም። «አላውቅም፤ አልጠየቅኋትም» አልኋቸው። አዛውንቱ አልወቀሱኝም። ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ «ፈጣሪ ያውቀዋል» ብለው ጥቂት ቆሙ። እኔና ወዳጄም ቆምን። ወዳጄ ያን ጊዜ እጁን በትከሻዬ ላይ አሳረፈ፤ በመድፉ ላይ እንዳሳረፈው ለረጅም ጊዜ አላነሣውም።

ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ቁልቁል ወርደን ማታ ተንታ ገባን። በማግሥቱ ማለዳ ደሴ ደረስን። የመካነ ሰላም አውቶቡስ እስኪነሣ ጊዜ ነበረንና ወዳጄ የደሴን ሙዚየም ውጭውን እንኳ ልየው አለኝ። ሄደን በሩ ላይ ቆምን። ገና አልተከፈተም ነበር።

የዚህን ሙዚየም ነገር አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል። ደሴ በጦርነቱ ከተያዘችበት ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ እስከ ኅዳር ማብቂያ በነበሩት ሳምንታት ውስጥ ተዘርፏል። በዚያው በኅዳር ወር አዲስ አበባ ላይ ሌላ ዜና ይነገር ነበር፤ ከመቅደላ ከተዘረፉት ቅርሶች ውስጥ ዘውድ፣ ጋሻ፣ መስቀልና የብራና መጽሐፍ የሚገኙባቸው ዕቃዎች ከ150 ዓመት በኋላ ከእንግሊዝ ተመልሰው በብሔራዊ ሙዚየም ለሕዝብ ታዩ። ቀድሞም ቢሆን ጥቂት ጥቂት ነገር ሲመለስልን ኖሯል። ዐፄ ዮሐንስ ጽፈው አንድ ክብረ ነገሥት አስመልሰዋል፤ በ1957 ዓ.ም. የቴዎድሮስ ቆብና ማኅተም፣ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ደግሞ ከራሳቸው የተቆረጠው ጠጉር መጥቷል። የልዑል ዓለማየሁ አፅም ግን ከጉዟችን ጥቂት ወራት በኋላ፣ በግንቦት 2015 ዓ.ም.፣ እንደገና ተከልክሏል። እንግዲህ በአንድ ወር ውስጥ በአንደኛው እጃችን ከባሕር ማዶ የተመለሰውን ስንቀበል፣ በሁለተኛው እጃችን ቤት ያለው ይወጣ ነበር። ለዚህ ስም ለማውጣት አልሞክርም። በተዘጋው በር ላይ ቆሜ የተሰማኝ ግን ሐዘን ብቻ ሳይሆን ኀፍረት ነበረ።

በአውቶቡሱ ውስጥ ከወዳጄ ጋር የተነጋገርነው ይህንኑ ነው። ቅርስ በሦስት መንገድ ይጠፋል። የውጭ ሰው ይወስደዋል፤ ይህ በመቅደላ ሆነ። የገዛ ወገን ይዘርፈዋል፤ ይህ በጎንደርም በደሴም ሆነ። ሦስተኛው ጠባቂው ሳይጠይቅ ሲቀር ነው። ለሦስተኛው ዝሆንና በቅሎ አያስፈልገውም፤ ጨረታም የለውም፤ ማንም አይከሰስበትም። አንዲት አሮጊት በምድጃዋ አጠገብ አንድ ዓረፍተ ነገር ትናገርና ትተኛለች፤ ልጅዋ ሳይጠይቅ ያድራል፤ በዚያው ያልቃል። ስለ ለንደኑ ቤተ መጻሕፍት በየዓመቱ በቁጣ ያስተማርሁ እኔ፣ በገዛ ቤቴ ለጠፋው መጽሐፍ ዘራፊው ራሴ ነበርሁ።

የመቅደላ ስም ዛሬ በዚሁ ደጋ በቱሉ አውሊያ የተቋቋመ ዩኒቨርሲቲ መጠሪያ ሆኗል። ደስ ይለኛል። ነገር ግን ስሙን መሸከም አንድ ነገር ነው፤ ስሙ የሸፈናቸውን ስሞች መፈለግ ሌላ ነው። ይህን ሥራ ለዩኒቨርሲቲ ብቻ ልንተወው አንችልም። ነገሩ የሚገኘው በየቤቱ ነውና፣ የየቤቱ ልጅ ካልተላከበት ማንም ተመራማሪ አይደርስበትም።

ስለዚህ ከጉዞው መልስ አንድ ልማድ ጀመርሁ። የመቅደላን ትምህርት ሳላስጀምር፣ እያንዳንዱ ተማሪ ከአያቱ ወይም ከጎረቤት ሽማግሌ አንድ ነገር ጠይቆ እንዲያመጣ አዝዛለሁ፤ የተናጋሪውን ስም፣ መንደሩንና የተነገረበትን ቀን እንዲጽፍም አስገድዳለሁ። ያመጡት ሁሉ ስለ ንጉሥ አይደለም። ስለ አንበጣ፣ ስለ ክፉ ቀን፣ ስለ ዘማች፣ ስለ ጠፋ ከብት፣ ስለ ታረቀ ደም ነው። የሥዕሉ መምህር ወዳጄ በየገጹ ዳር የተናጋሪውን መልክ ያሥላቸዋል። እያንዳንዱን በሦስት ቅጂ እንጽፋለን፤ አንዱ በትምህርት ቤት፣ ሁለተኛው በተናጋሪው ቤት ይቀመጣል፤ ሦስተኛው ከሀገር ርቆ ለሚኖር ዘመድ ይላካል። ይህን ያደረግሁበት ምክንያት ከአዛውንቱ ቃል የተነሣ ነው። ደብተር ቀላል ነገር ነው፤ ቀላሉ ደግሞ ይወሰዳል። በሦስት ቦታ የተቀመጠውን ግን አንድ ቀን፣ አንድ እጅ ጠቅልሎ አይወስደውም።

አንባቢዎቼ መምህራንና የኪነ ጥበብ ሰዎች፣ በየቀበሌው ሕዝብን የምታገለግሉም ወገኖች፣ የእኔን ጥፋት የነገርኋችሁ ሽበት ካላቸው ሰዎች ጋር ገና በሕይወት ሳሉ እንድትቀመጡ ነው። የሚቀጥለውን የቴዎድሮስ ተውኔት የምትጽፉ ወጣቶችም ንጉሡን አታሳንሱት፤ ከአፋፉ በታች ያሉትንም አትርሷቸው። መድረኩ ለሁለቱም ይበቃል።

ደብተራችን አሁን ሣጥን ሞልቷል። የመጀመሪያውን ገጽ ለራሴ ወስጄ የአያቴን ስም፣ መንደሯንና ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ጻፍሁበት፦ «የእኛ ሰው ከዚያ አምባ አልተመለሰም።» ከዚያ በታች ያለው ገጽ ባዶ ነው። ተማሪዎቼ ለምን እንዳልተሞላ ሲጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ።